ከደምበጫ እስከ ጎጃም በረንዳ፤ ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስመርና ጣቢያዎች የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ከደምበጫ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ የዓባይን በረሓ ወርዶና ወጥቶ፣ በጎሐ ጽዮን በኩል ሱሉልታ ይደርስና እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ይህን መንገድ ደጋግሞ የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ መንገደኛውን የሚያንገላታው ይህ ረጅም ጉዞ አይደለም፤ ከአውቶቡስ ከወረደ በኋላ ዘመዱ እስከሚኖርበት ሠፈር ድረስ ያለችው የመጨረሻዋ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ኪሎ ሜትር ናት እንጂ። የዓባይን በረሓ በአንድ ጥዋት የተሻገረች እናት፣ ቅቤዋንና በርበሬዋን ተሸክማ፣ ልጅዋ የወለደችበትን የጋራ መኖሪያ ቤት ለማግኘት ሦስትና አራት ታክሲ ስትለዋውጥ ይመሽባታል።

እኛም ከዚያው አገር ተነሥተን ለትምህርት የመጣን ስለ ሆንን፣ ይህች የመጨረሻ መንገድ ለምን እንዲህ እንደ ከበደች መመርመር ተገቢ መስሎ ታየን። ምርመራችንም በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ላይ ያተኩራል። የምንተቸው ሐዲዱን ያነጠፉትን መሐንዲሶች ወይም ባቡሩን የሚነዱትን ሠራተኞች አይደለም፤ መስመሩ የት ይሂድ፣ ጣቢያው የት ይቁም በሚለው አሳብ ላይ ያለውን ጉድለት ነው። የባቡሩ ካርታ ሲታይ አንዱ ጣቢያ «ጎጃም በረንዳ» የሚል ስም ስለ ያዘ፣ አርእስታችንን ከዚያው ወሰድን።

ሀ. የተሠራው ሥራ

ከመተቸት በፊት የተሠራውን በቅንነት መግለጽ ግዴታችን ነው። የባቡሩ ሥራ በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ገንዘቡ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ከመቶ ሰማንያ አምስት እጁ ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ያለው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ተከፈተ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለውም ጥቅምት 29 ቀን በዚያው ዓመት ተከተለ። ሁለቱ መስመሮች 31.6 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ሐዲዱ እንዳንዱ ቦታ ጠባይ አንዳንድ ዘንድ በድልድይ ከፍ ብሎ፣ አንዳንድ ዘንድ ከምድር ተስተካክሎ፣ በሰሜኑ ጫፍም ጥቂት ርቀት ከመሬት በታች ይሄዳል። ዋጋው ሲከፈት እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ከሰሐራ በረሓ በታች ባሉት አገሮች እንዲህ ያለ የከተማ ባቡር ገና እምብዛም ባልነበረበት ጊዜ አዲስ አበባ ቀድማ ሠርታዋለች። ዋጋውም የቀን ሠራተኛውንና ተማሪውን የማይገፋ ነበር። ደግሞም አውቶቡስ ተራ ላይ ጣቢያ መኖሩ፣ ከጎጃምም ሆነ ከሌላው ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ ለመጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለብዙ ዓመታት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መናኸሪያ በሆነው በዚህ ሠፈር፣ መንገደኛው ከአውቶቡስ ወርዶ ጥቂት ተራምዶ ባቡር ሊይዝ ይችላል። አሳቡ ከመነሻው መልካም እንደ ነበረ በዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ ጥያቄው ባቡሩ መሠራት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚል አይደለም። ጥያቄው፣ ከአውቶቡስ ተራ ባቡር የያዘው መንገደኛ የት ሊደርስ ይችላል? የሚል ነው።

ለ. መስመሩ ማንን ተከተለ?

የከተማ ባቡር መስመር በሁለት ዓይነት መንገድ ሊሣል ይችላል። አንደኛው፣ ያለውን ሰፊ አውራ ጎዳና ተከትሎ በመካከሉ ሐዲድ ማንጠፍ ነው። ይህ ብዙ ቤት ስለማያፈርስ ወጪው ያንሳል፤ ጊዜም ያተርፋል። ሁለተኛው፣ ሕዝቡ አሁን ያለበትንና ነገ የሚሰፍርበትን አስቀድሞ መርምሮ፣ ሐዲዱን ወደዚያ መምራት ነው። ይህ አድካሚ ነው፤ ፍሬው ግን የበለጠ ነው። የአዲስ አበባው መስመር በአብዛኛው የመጀመሪያውን መንገድ የተከተለ ይመስለናል። ከመገናኛ ወደ አያት፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቃሊቲ ያሉት ጎዳናዎች ሰፊ ስለ ነበሩ ሐዲዱም በእነሱ ላይ ሄደ።

በዚያው ዘመን ግን ሕዝቡ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳና በኮዬ ፈጬ እጅግ ብዙ ቤቶችን ሠራ። እነዚህ ሠፈሮች እያንዳንዳቸው አንድ የአውራጃ ከተማ የሚያህል ሕዝብ የሚይዙ ናቸው። የባቡሩን ካርታ ከእነዚህ ሠፈሮች ካርታ ጋር አስተያይቶ ለሚመለከት ሰው፣ ሁለቱ በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ዘመን የተሣሉ አይመስሉትም። ጀሞ ከሐዲዱ ውጪ ናት። የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ከአያት ጣቢያ አልፈው ይገኛሉ። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱም ከቃሊቲ ጣቢያ ርቀው ይኖራሉ። ባቡሩ በአራቱም ጫፍ ይቀጥላል ተብሎ የታሰበው ሁለተኛው ክፍል አልተሠራም።

እዚህ ላይ በደንብ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የጋራ መኖሪያ ቤት የሚታደለው በዕጣ ነው። በሌላ አገር ሰው ቤት ሲከራይ ወይም ሲገዛ ሥራውን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤትና የዘመዶቹን ሠፈር አስቦ ይመርጣል። በዕጣ ቤት የደረሰው ሰው ግን ሠፈሩን አልመረጠም፤ ሠፈሩ መረጠው እንጂ። መርካቶ የሚሠራው ሰው ቦሌ አራብሳ ይደርሰዋል፤ አያት የምታስተምረው መምህርት ጀሞ ይወጣላታል። እንግዲህ ዕጣው ያራራቀውን ቤትና ሥራ የሚያቀራርብ መጓጓዣ ብቻ ነው። ቤትን በዕጣ የሚያድል ከተማ ከሌላው ከተማ ሁሉ ይልቅ መስመሩን ከቤቶቹ ጋር አንድ ላይ ማቀድ ነበረበት። የሆነው ግን ቤቱን አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሐዲዱን ሌላ መሥሪያ ቤት ሠራው፤ የመጓጓዣውም ነገር በመካከሉ ለሚኒባስ ታክሲ ረዳት ጩኸት ተተወ።

ይህ እንዳይሆን ማድረግ የሚቻል መሆኑን ሌላው ዓለም አሳይቷል። በሆንግ ኮንግ የባቡሩ ድርጅት በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ መኖሪያ ቤቶችን እየሠራ፣ ከቤቱ የሚያገኘውን ትርፍ ለሐዲዱ ያውላል፤ ቤቱና ጣቢያው በአንድ ወረቀት ላይ ይሣላሉ። በብራዚል አገር በኩሪቲባ ከተማም እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ረጃጅም ሕንጻዎች የተፈቀዱት የአውቶቡስ ልዩ መንገድ በሚያልፍበት ግራና ቀኝ ነው። በሁለቱም ዘንድ የተደረገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው ብዙ በሚሰፍርበት መንገዱ፣ መንገዱ ባለበትም ሰው ብዙ እንዲሰፍር ማድረግ ነው።

ሐ. ጣቢያ ምንድን ነው?

ጣቢያ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ባቡሩ የሚቆምበት መድረክ ነው። እኛ ግን ጣቢያ ማለት ሰው ከአንድ ዓይነት ጉዞ ወደ ሌላ ዓይነት ጉዞ የሚሸጋገርበት ስፍራ ነው እንላለን። ሁሉም ሰው ወደ ጣቢያ በእግሩ ወይም በሌላ መኪና ይመጣል፤ ከጣቢያም እንዲሁ ይሄዳል። ስለዚህ የጣቢያ መልካምነት የሚለካው በመድረኩ ውበት ሳይሆን በዙሪያው ባለው መንገድ ነው።

በዚህ መለኪያ የአዲስ አበባው ባቡር ሦስት ጉድለት ታይቶበታል። አንደኛው፣ ሐዲዱ ከምድር ተስተካክሎ በሚያልፍበት ቦታ ጎዳናውን ለሁለት ከፍሎታል። ቀድሞ በአንድ ጥሪ ይሰማሙ የነበሩ ጎረቤታሞች አጥሩ ከቆመ ወዲህ ለመገናኘት እስከ ማቋረጫው ድረስ ሄደው መዞር አለባቸው። ሽማግሌና አካል ጉዳተኛ፣ ልጅ ያዘለችና ሸክም የያዘች ሴት ደግሞ የዚህን ዙሪያ ጥምጥም ዕዳ ከሁሉ አብልጠው ይከፍላሉ።

ሁለተኛው፣ የአውቶቡሱ፣ የታክሲውና የባቡሩ ቦታ እርስ በርሱ አልተገናኘም። በመጨረሻው ጣቢያ የወረደው ሰው ወደ አዲሶቹ ሠፈሮች የሚወስደውን መኪና ለማግኘት ጎዳና ተሻግሮ፣ ለዝናብም ለፀሐይም ተጋልጦ ይሰለፋል። ባቡሩ ሲጀመር የባቡሩ ቲኬት ለከተማው አውቶቡስ አያገለግልም ነበር፤ የአውቶቡሱም ለባቡሩ እንዲሁ። ሁለት ጊዜ የሚከፍልና ሁለት ጊዜ የሚሰለፍ ሰው፣ ባቡሩ ርካሽ ቢሆንለትም ጉዞው ርካሽ አልሆነለትም።

ሦስተኛው ሁሉንም ያስገርማል። አዲስ አበባ ሁለት ኤሌክትሪክ ባቡሮች አሏት፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲስ ባቡር የመንገደኛ ጣቢያው በለቡ ነው። የከተማው ሐዲድ ለቡን አይነካም። ለሐዲድ የማትታማው ለገሃር፣ የቀድሞው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. የደረሰባት፣ የከተማው ባቡር ሲያልፍባት ከድሬ ዳዋ የሚመጣው ባቡር ግን አይደርስባትም። ከሩቅ አገር የመጣውን መንገደኛ ከከተማው መካከል ጋር ለማያያዝ ከዚህ የበለጠ ምቹ ጊዜ አልነበረም፤ ሁለቱም መስመሮች የተሣሉት በአንድ መንግሥት፣ በአንድ አምስት ዓመት ውስጥ ነበርና።

በሰሜን በኩልም ነገሩ ከዚህ አይለይም። የጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ወርዶ ከተማ የሚገባው በአዲሱ ገበያ ነው። ባቡሩ ግን ሰሜናዊ ጫፉን ምኒልክ አደባባይ ላይ አደረገ። በመሆኑም ከጎጃም የሚመጣው አውቶቡስ በተጨናነቀው ከተማ መካከል ማለፍ ግድ ሆነበት። ጣቢያው በከተማው በር ላይ ቢሆን ኖሮ አውቶቡሱ በዚያው ያራግፍ፣ መንገደኛውም በባቡር ይገባ ነበር።

ስለዚህ በር ከተነሣ አንድ የታሪክ ነገር እናስታውስ። በ1933 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ደምበጫን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የዘመተው ጦር አዛዥ ዊንጌት ነበር፤ በእርሱ ስም በተሠራው ትምህርት ቤት ምክንያትም የአዲስ አበባው ሠፈር ዊንጌት ተባለ። ከዚያው ከዊንጌት ተነሥቶ እስከ ጀሞ ሊዘረጋ የታሰበው የፈጣን አውቶቡስ መስመር፣ ባቡሩ የረሳቸውን ሁለት ጫፎች የሚያያይዝ መልካም አሳብ ነበር። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በወረቀት ላይ ቆየ። የዳሬ ሰላም ከተማ ግን በ2008 ዓ.ም. ተመሳሳዩን መስመር ከፍታ ሕዝቧን ማጓጓዝ ጀመረች።

መ. የጋራው ሐዲድ ጣጣ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ጥቂት ስሌት ይፈልጋል። ሁለቱ መስመሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም ድረስ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። በዚህ ክፍል ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃርና ስታዲየም የሚባሉ አምስት ጣቢያዎች አሉ። መጋራቱ ወጪ ይቀንሳል፤ መንገደኛውም ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በቀላሉ እንዲሸጋገር ያደርጋል። ዋጋው ግን የሚከፈለው በዳር ሠፈሮች ነው። ለምሳሌ በጋራው ሐዲድ ላይ በየሦስት ደቂቃው አንድ ባቡር ማሳለፍ ቢቻል፣ ያ ባቡር በተራ አንዱ ወደ አያት፣ አንዱ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ጫፍ የሚደርሰው በየስድስት ደቂቃው ነው። ነገ ሐዲዱ እስከ ኮዬ ፈጬ ወይም እስከ የካ አባዶ ቢቀጥልና የመንገደኛው ቁጥር ቢበዛ እንኳ፣ መካከሉ ካልሰፋ በቀር ባቡር መጨመር አይቻልም። ጠባብ አንገት ያለውን እንስራ ሆዱን ቢያሰፉት ውሃው ፈጥኖ አይቀዳም።

የጣቢያዎቹም መቀራረብ እንዲሁ ነው። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17.4 ኪሎ ሜትር ላይ 22 ጣቢያዎች አሉ፤ በአማካይ በየ830 ሜትሩ አንድ ማለት ነው። ይህ ለመሀል ከተማ ተስማሚ ነው፤ ሰው ብዙ ሳይራመድ ይደርሳልና። ነገር ግን ባቡሩ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር መሄድ ቢችልም፣ ፍጥነቱን ሳይጨርስ ፍሬን መያዝ አለበት። ከከተማ ዳር ለሚመጣ ሰው እያንዳንዱ መቆሚያ ከእንቅልፉ የተቀነሰ ደቂቃ ነው። በሌላ አገር ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በመሀል ከተማ ጣቢያውን ማቀራረብ፣ በዳር ግን ማራራቅና እያንዳንዱን የዳር ጣቢያ በመጋቢ አውቶቡስ ማገዝ ነው።

ሠ. ለሚነሡት ተቃውሞዎች መልስ

ይህን አሳባችንን ለጓደኞቻችን ባቀረብን ጊዜ ሁለት ተቃውሞ ተነሣብን። ሁለቱንም እንደ ቀላል አንቈጥራቸውም።

አንደኛው ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ «የባቡሩ ችግር የአሳሳሉ አይደለም፤ የመለዋወጫ ዕቃና የኤሌክትሪክ ኃይል ማጣት ነው።» እውነት ነው፤ ባቡሩ በ41 ተሽከርካሪዎች ሲጀመር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ ዕጦት ምክንያት በሥራ ላይ የቀሩት ከግማሽ በታች ሆነው ነበር። ግን ይህም ራሱ ከአሳሳሉ ጉድለት የተለየ ነገር አይደለም። መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የቲኬቱ ገቢ ግን በብር፣ ያውም በጥቂት ብር ነው። ይህ አለመመጣጠን ገና ከመጀመሪያው የሚታወቅ ነበር። ጥገና በዕቅዱ ውስጥ ካልገባ ዕቅዱ የምረቃ ዕቅድ እንጂ የአገልግሎት ዕቅድ አይባልም። በጣቢያዎቹ ዙሪያ ያለው መሬት በዋጋ ሲጨምር፣ የጭማሪው ጥቂት እጅ ለሐዲዱ ቢመለስ ኖሮ ሌላ የገቢ ምንጭ በተገኘ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ «ድሃ አገር ፍጹም የሆነውን ሲጠብቅ ምንም ሳይሠራ ይቀራል፤ መጀመሪያ በተገኘው ጎዳና ላይ ይሠራ፣ ጉድለቱ ኋላ ይታረማል።» በዚህ ላይ በከፊል እንስማማለን። አዲስ አበባ እስከ ዛሬ ብታመነታ ኖሮ ዛሬም ባቡር አይኖራትም ነበር። ሆኖም ሐዲድ እንደ ታክሲ መስመር ዛሬ ተጀምሮ ነገ የሚለወጥ አይደለም፤ አንዴ ከተነጠፈ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ውርስ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ አፍሶ መልቀም የሚቻለው እህል ሲሆን ነው፤ ኮንክሪት ግን አይለቀምም። ደግሞም እኛ የምንለው ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ለወደፊት ሐዲድ የሚሆን መሬት ገና ሠፈሩ ሳይሠራ መተው፣ የቤቱንና የመንገዱን ካርታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማየት፣ የአውቶቡሱን መቆሚያ ወደ ጣቢያው ማስጠጋት፣ እነዚህ ከገንዘብ ይልቅ መነጋገርን የሚጠይቁ ናቸው።

ረ. ደምበጫ ምን ትማራለች?

ምናልባት አንባቢ «ለደምበጫ ይህ ሁሉ ምኗ ነው?» ይል ይሆናል። ጎጃም እስከ ዛሬ ሐዲድ አልደረሰባትም፤ ደምበጫም የከተማ ባቡር የምታስብበት ጊዜ ገና ነው። ቢሆንም አዲስ አበባን ያስቸገረው ነገር በትንሽ መልኩ በደምበጫም በደብረ ማርቆስም ይታያል ብለን እናምናለን።

ደምበጫ ያደገችው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ነው። አዳዲሱ ቤት ሁሉ ወደ መንገዱ ይጠጋል፤ ሱቁ፣ መጋዘኑ፣ ምግብ ቤቱ በዚያው ይደረደራል። ከጀርባ ያሉት ሠፈሮች ደግሞ በባጃጅ ብቻ በሚገባባቸው ጠባብ መንገዶች ይያያዛሉ። ዛሬ ይህ ችግር አይመስልም። ከተማይቱ ብታድግ ግን ከባድ መኪናውና ባጃጁ፣ ተማሪውና ለገበያ የወጣው ገበሬ በአህያው ሁሉ በአንድ ጎዳና ላይ ይጋፋሉ። ያን ጊዜ መንገድ ለማስፋት ቤት ማፍረስ ግድ ይሆናል፤ የሚፈርሰውም አብዛኛውን ጊዜ አቅም የሌለው ሰው ቤት ነው። ዛሬ በአንድ የመሬት ምሪት ወረቀት ላይ አሥራ አምስት ሜትር ስፋት መተው፣ ነገ መቶ ቤት ከማፍረስ ያድናል።

መናኸሪያውም እንዲሁ ነው። የደምበጫ ገበሬ ከገጠር ቀበሌው በእግሩ ወይም በጭነት መኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ከዚያ አውቶቡስ ይዞ ወደ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ይሄዳል። ለእርሱ መናኸሪያው ማለት ለአዲስ አበባው ሰው ጣቢያው ማለት ነው። መናኸሪያው ከገበያው፣ ከባጃጁ መቆሚያና ከጤና ጣቢያው ጋር የሚያያዝበት የጥላ መንገድ፣ መቀመጫና ውሃ ቢኖረው፣ ከሐዲድ ይልቅ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ይህንም ለማድረግ ብድር አያስፈልግም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ ብዙ ጊዜ እየተዘጋ መንገደኛ መከራ ማየቱን አንዘነጋም። ሰላም ሳይኖር ስለ ጣቢያ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኛ ግን መንገድ ሲከፈት ምን እንደምንሠራ ከአሁኑ ያላሰብን እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜም የተገኘውን ጎዳና ተከትለን እንደ ቀድሞው እንቸኩላለን ብለን እንፈራለን።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለውን ባጭሩ ስንሰበስበው፣ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን መስመሩ ሕዝቡን ከመከተል ይልቅ ጎዳናውን ተከተለ፤ ጣቢያው መሸጋገሪያ መሆኑ ቀርቶ መቆሚያ ሆነ፤ መካከሉ ጠቦ ጫፎቹን አሰረ፤ ጥገናውም ከዕቅዱ ውጪ ቀረ። ስለዚህ ወደፊት መስመር የሚሣል ሁሉ አስቀድሞ አራት ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን፦ ነገ ሰው የሚሰፍረው የት ነው? ከጣቢያው የወረደው ሰው ቀጥሎ በምን ይሄዳል? መካከሉ ስንት ባቡር ይችላል? ከሃያ ዓመት በኋላስ የሚጠግነው ማን ነው፣ በምንስ ገንዘብ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚፈለገው በመሐንዲስ ቤት ብቻ አይደለም። በየትምህርት ክፍሉ ያለን ተማሪዎች፣ የጂኦግራፊውም፣ የኢኮኖሚውም፣ የሕጉም፣ እያንዳንዳችን የመጣንበትን ከተማ መናኸሪያ በዕረፍት ጊዜ ሄደን በጥንቃቄ ብንመለከትና ብንጽፍ፣ ለነገው አቃጅ ጥሩ ስንቅ እናቀብላለን። መምህሮቻችንም ስሕተታችንን እንዲያርሙ፣ ያልደረስንበትንም እንዲጠቁሙን በትሕትና እንለምናለን። ከደምበጫ በጥዋት የተነሣችው እናት ጀምበር ሳትጠልቅ የልጅዋን ደጅ ብትረግጥ፣ ያን ጊዜ መስመሩ በትክክል ተሥሏል ማለት ነው።